ስድስት ዓመት የተቀጠረ ወይን

ባለፈው ወር አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ እሱም ሽበት የወረረው መሐንዲስ ነው፣ ወደ ጊምቢ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለ ሆቴል ምሳ ጋበዘኝ። ከውጭ አገር ሲመለስ ያመጣትን አንዲት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟት መጣ። አስተናጋጇ ቡሹን ታግላ ስትነቅለው አንድ ሽታ አፍንጫዬ ገባ፤ ያን ሽታ ካሸተትኩት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ብርጭቆዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁ፤ አሸተትኩ፤ ትንሽ ተጎንጭቼ ሳልውጥ አፌ ውስጥ አዟዟርኩት። እንደ ጥሬ ሙዝ ምላሴን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። «ገና ነው» አልኩ። «ምኑ ነው ገና፣ ጋሼ?» አለኝ ተማሪዬ። «ወይኑ። አራት አምስት ዓመት ይቀረዋል።» ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። «ጊዜው አለፈበት ሲባል ነው የምናውቀው፤ ጊዜው አልደረሰም ሲባል ገና ዛሬ ሰማን» አለ ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ ብቻዬን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያ አነጋገር የእኔ አልነበረም። የኦቦ ዲንሳ ነበር።

ነቀምት ተመድቤ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ወለጋን በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም። አውቶቡሱ ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጉቴን ሲያልፍ ፀሐይዋ ወደ ዲጋ ማዶ አዘንብላ ነበር። በመስኮት የገባው አቧራ አፍሮዬን ቀይ አድርጎት ስወርድ፣ አንዲት ቆሎ ሻጭ አየችኝና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ትርጉሙን የደረስኩበት ከዓመት በኋላ ነው፤ «ይኼ ሰው ጡብ ሲጋግር ነው የዋለው» ማለቷ ነበር። ቤልቦተም ሱሪ ለብሼ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አድርጌ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ያስከበረኝ ያ ሱሪ ክረምት ሲገባ የነቀምትን ጭቃ መጥረጊያ ሆነ። ያን ጊዜ በአንድ ብር አሥራ አምስት ብርቱካን ይገዛል፤ ማር ኪሎው ሁለት ብር ከስሙኒ ነው፤ ያውም ቀምሰህ፣ ደግመህ ቀምሰህ፣ ሻጩ ጋር ተሳስቀህ። የተከራየኋት ክፍል በወር አሥራ አምስት ብር ነበረች፤ ቆርቆሮዋ ዝናብ ሲመጣ እንኳን ሰው ራሴን እንዳልሰማ ታደርገኝ ነበር። ዛሬ ግቢው ያለበት ቦታ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ታች ስልክ ይሸጣል፣ ላይ ፀጉር ይሠራል። ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ ወደ ላይ አያለሁ፤ ሰዎቹ ቤት የምፈልግ ይመስላቸዋል።

ግቢው የኦቦ ዲንሳ ነው። የሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ሐኪም ሲጠፋ ሐኪም ይሆናሉ። ካኪ ሱሪያቸው ፍራሽ ሥር አድሮ እንደ ቢላ ስለት የቆመ፣ ጥፍራቸው እስከ ሥሩ የተቆረጠ፣ የእጅ ሰዓታቸውን የውስጥ አንጓቸው ላይ ወደ መዳፋቸው አዙረው የሚያስሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አዴ ሌሊሴ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሥራ ሲሠሩ መዝሙር ከአፋቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዳቦ ይዘው ወደ በሬ ይመጡና «ማሎ» ብዬ በደንብ ካልለመንኩ ይዘውት ይመለሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ቀን ሙሉ ከዳቦው ተለያይቻለሁ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሠላሳ ዓመት ኖረዋል።

ሁለቱም ወንጌላውያን አማኞች ናቸው። በዚያ ቤት አልኮል የሚባል ነገር ለቁስል ማጠቢያ ካልሆነ በቀር ስሙ አይነሣም። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ ጓሮ ዞሬ ኦቦ ዲንሳን የወይን ጠጅ ብርጭቆ ይዘው ወደ ፀሐይ ሲያዩ ባገኛቸው ጊዜ ደርቄ ቀረሁ። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ወጣት ሳሉ ከወይን አገር የመጣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሐኪሙ አገሩ ሲገባ ሁለት ነገር ትቶላቸው ሄደ፤ በጓሮው ግንብ ላይ የተሳበ የወይን ሐረግና ወይን መቅመስን። ቤተ ክርስቲያናቸው የሚቆርብበት ወይን ከዚያ ሐረግ የሚወጣ ነው። ፍሬው በየካቲት ይለቀማል፤ አዴ ሌሊሴ እየዘመሩ ይጨምቁታል፤ በደምጃን ውስጥ ፈልቶ ሲረጋ ኦቦ ዲንሳ ከአተላው ለይተው እንደ መርፌ በተቀቀሉ የግሉኮስ ጠርሙሶች ይሞሉታል። አፉን በጎማው ክዳን ደፍነው በሰም ያሽጉታል። ከዚያ በቁስል ፕላስተር ላይ ቀጠሮውን ይጽፉለታል፤ «ለመስቀል»፣ «ከፋሲካ እንዳያልፍ»፣ «ሁለት ዓመት»። ልክ ለሕመምተኛ እንደሚጻፍ ቀጠሮ።

ቀጠሮውን የሚያውቁት በመቅመስ ነው፤ እሳቸው ግን ከቁርባኗ አንዲት ጉንጭ በቀር ወይን በጉሮሯቸው አልፎ አያውቅም። መጀመሪያ ብርጭቆውን ነጭ የቁስል ጎዝ ላይ አዘንብለው ቀለሙን ያያሉ። አዲስ ሲሆን ጠርዙ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ሲበስል ወደ አሮጌ ጡብ ይሄዳል። ቀጥሎ ያሸትታሉ። ቀጥሎ ይጎነጩና አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ ያንቆረቁሩታል፤ ድምፁ እንደሚቀዳ ጀሪካን ነው። ከዚያ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይተፉታል። እኔ ለጠጅ ባዳ ያልሆንኩ የጎጃም ልጅ፣ ያ ሁሉ ወይን ጣሳ ሲገባ ሳይ አንጀቴ እርር ይል ነበር። «ኦቦ፣ ኃጢአትስ ይኼ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን። አዴ ሌሊሴ ሳቅ ገደላቸው። ኦቦ ዲንሳ ግን አልሰሙኝም፤ ከተፉ በኋላ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ጣዕሙ ምላሳቸው ላይ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ እየቆጠሩ ነው፤ የሕመምተኛ ትርታ በሚቆጥሩበት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፊት።

መጀመሪያ አላመንኩም። አንድ ዓመት ከሁለት ደምጃን የተቀዳ ወይን አቀመሱኝ። አንዱ ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ ገና ከጅምሩ የሚወደድ ነው። ሌላው አፍ የሚያኮማትር፣ እንደ ጮርቃ ፍሬ የሚያንገሸግሽ። «የቱ ይሻላል?» አሉኝ። ሳልጠራጠር ለስላሳውን አነሣሁ። «እሱ ሰኔን አያልፍም» አሉ። «ይኼኛው ነው የሚኖረው። ምላስህን የያዘው ነገር ራሱን ይዞ ያቆየዋል። ግን መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ከሥሩ ፍሬ መኖር አለበት። ፍሬ ከሌለው ዕድሜ ልኩን መራራ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚቀር።» ሐምሌ ላይ ለስላሳውን ከፍተው ሰጡኝ፤ ኮምጣጤ ሆኗል። በዓመቱ ያንን ክፉ ከፍተው ሰጡኝ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያ ጮርቃ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባ፣ ሙሉ፣ የሚያሞቅ ሆኗል። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ የማስተምር ሰው ነኝ። እዚህ አንድ ድሬሰር ጓሮው ውስጥ ቆሞ፣ በአንዲት ጉንጭ፣ የሚመጣውን ዓመት ያያል። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያን ሰው ምላስ ስፈራው ኖርኩ፤ ስፈራው ስል ሳከብረው ማለቴ ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት መጣ፤ ዝናቡ ቶሎ የወጣበት፣ ፀሐዩ የበረታበት። ፍሬው ትንንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ቁጥሩም ጥቂት ሆነ። ሰባት ጠርሙስ ብቻ ወጣው። ኦቦ ዲንሳ ቀመሱትና ሳይተፉ ብዙ ቆዩ፤ ከተፉም በኋላ ሰዓታቸውን ማየት ረሱ። «ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «እንዲህ ያለ በእጄ ገብቶ አያውቅም።» እኔንም አቀመሱኝ፤ ሬት ነው። በፕላስተሩ ላይ «ስድስት ዓመት፤ ከዚያ በፊት እንዳይከፈት» ብለው ጻፉ።

በዚያው ዓመት ሰዎች በመኪና መጥተው የቤተ ክርስቲያናቸውን በር አሸጉ። በየትኛው ወር፣ በማን ትእዛዝ፣ ያን ጊዜም ጮክ ተብሎ አይጠየቅም፤ ዛሬም ረሳሁት ማለቱ ይቀለኛል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ የሰልፍ ዘፈን ያሰማል፤ ሰው ቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ ይዘምራል። ለመጠጥ የደረሰው ወይን በሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነበርና አብሮ ታሸገ። ውጭ የቀሩት እነዚያ ሰባት ጠርሙሶች ብቻ ናቸው። ኅዳር ላይ ደግሞ አዴ ሌሊሴ ታመሙ። ሆዳቸው ነው፤ ኦቦ ዲንሳ ሠላሳ ዓመት ሕመምተኛ ያዩ ሰው ናቸውና ገና በመጀመሪያው ሳምንት የማይድን መሆኑን አውቀዋል። ለማንም አልተናገሩም፤ ሱሪያቸውን ግን ፍራሽ ሥር ማስተኛት ተዉ።

አዴ ሌሊሴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይቆርቡ እንዳይሄዱ። አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ቤታቸው በዓይነ ቁራኛ የሚጠበቅ ሰው፣ እንደ ሕመምተኛ ጠያቂ ብርቱካን ይዘው ሊመጡ እሺ ብለዋል። የቀረው ወይኑ ነው። ኦቦ ዲንሳ እንቢ አሉ። «ሂን ጌኜ» ይላሉ፤ አልደረሰም። «በሩ ሲከፈት ይከፈታል። ያኔ መጀመሪያ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ።» አዴ ሌሊሴ አልተከራከሩም። ማታ ሻይ ይዤላቸው ስገባ ግን እጄን ያዙኝ። «ባርሲሳ፣ እሳቸው የሚጠብቁት ወይኑን አይደለም። ጠርሙሱን ከከፈቱት መሄዴን አመኑ ማለት ነው። እሱን ነው የማይችሉት። አንተ ንገራቸው፣ ማሎ።»

እኔ ምን ብዬ ልናገር? የጎጃም ልጅ፣ ተከራይ፣ ሃይማኖቱ ሌላ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አንድ ሞኝነት ሠራሁ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ቀይ ወይን ገዝቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ኦቦ ዲንሳ ፊት አስቀመጥኩ። በዚህ ይቁረቡ፣ የእርስዎም ይቆይ፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል ብዬ ነው። ብርጭቆ አመጡ፣ ጎዝ አመጡ፣ እንደ ወጉ አዩ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ተፉ። «የሳል ሽሮፕ ነው» አሉ። «ይኼ ደርሷል፣ ባርሲሳ። ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ደርሷል። ዛሬም ነገም ያው ነው፤ የሚሆነው ነገር የለም» አሉ። «የሚሆነው ነገር የሌለውን ነው ለሌሊሴ የምሰጣት?» ጠርሙሱን መልሰው በጋዜጣው ጠቀለሉት፤ ቀስ ብለው፣ እኔን ላለማሳፈር። በማግስቱ ከሰባቱ ጠርሙሶች አንዱን ለይተው ለቄሱ ሰው ላኩ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ነው፤ የገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ወደ ታች የወረደበት። እኔ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር እንዳርም ተነገረኝ፤ የሚያልፍ ሰው ቢያይ መምህሩ ሥራውን ይሠራል። አንዱን ደብተር ሦስት ጊዜ ማረሜን ያወቅሁት ሰኞ ነው። ከጀርባዬ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሁሉን አያለሁ፣ ሁሉን እሰማለሁ፤ ኦሮምኛውም ያን ጊዜ ገብቶኛል። ኦቦ ዲንሳ ሰሙን በምላጭ ቆርጠው ጠርሙሱን ከፈቱ። ቄሱ ባረኩ። ዳቦው ዞረ፤ ጽዋው ዞረ። አዴ ሌሊሴ ተቀበሉና ዋጡ። ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ ዓይናቸው ተጨፈነ፤ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ደነገጥን። እሳቸው ግን በዚያ ባለቀ ትንፋሻቸው መሳቅ ጀመሩ። «ሂን ጌኜ!» አሉ። «አባ ወራ፣ እውነትዎን ነው፤ ምንም አልደረሰም!» ቄሱም ሳቁ። ኦቦ ዲንሳ አልሳቁም። ጽዋው እጃቸው ላይ ነው።

«እሺ» አሉ አዴ ሌሊሴ ሳቃቸው ሲበርድ፤ «እኔ አልደርስበትም። ሲደርስ ምን እንደሚሆን ይንገሩኝ።»

ኦቦ ዲንሳ ከጽዋው ተጎነጩ። አፋቸው ውስጥ ያዙት፤ ቁርባን ነውና ዋጡት። ከዚያ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሯቸው። እኔ በዕድሜዬ ስንት ተናጋሪ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ንግግር አልሰማሁም። «አሁን ቀይ ሥር ነው» አሉ፤ «ያኔ የአባትሽ ቤት ጡብ ይሆናል፣ ማታ ፀሐይ ሲያርፍበት ያለው። ስትከፍቺው መጀመሪያ የሚመጣው እንጆሪ ነው፤ ዲጋ ቁልቁለት ላይ ሳንጋባ የለቀምነው ዓይነት። ትንሽ ስትጠብቂው እንጆሪው ፈቀቅ ይልና የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር ይመጣል። ከዚያ አዲስ የቆዳ ጫማ። ከዚያ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አባቴ ኪስ ውስጥ የነበረው የትንባሆ ቅጠል።» «ትንባሆም!» አሉ አዴ ሌሊሴ። «አሁን ምላስሽን የያዘው ነገር ያኔ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጋቢ ይሆናል። ከዋጥሽው በኋላ አይሄድም። አሁን አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። ያኔ እስከ አርባ ትቆጥሪያለሽ።» «አርባ?» «አርባ።» አዴ ሌሊሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚጸልዩ መሰለኝ፤ ጠጋ ብዬ ሳይ እየቆጠሩ ነበር። ቄሱ ራሳቸውን አቀረቀሩ። እኔ ደብተሩ ላይ አለቀስኩ፤ የማን ልጅ ደብተር እንደሆነ አላስታውስም፣ ቀይ ቀለሙ ተበላሸበት።

አዴ ሌሊሴ ጥር ላይ አረፉ። እኔ ወደ ቢላ ከተማ ተዛወርኩ፤ እዚያ አምስት ዓመት አስተማርኩ፣ እዚያ አገባሁ፣ አፍሮዬ እዚያ ተመናመነ። ለእረፍት ነቀምት በመጣሁ ቁጥር ኦቦ ዲንሳ ጋ አድራለሁ። ስድስቱ ጠርሙሶች አልጋቸው ሥር በጭድ ተኝተዋል። ስድስተኛው ዓመት ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ በር እንደታሸገ ነበር። «ቀጠሮው ደረሰ፤ ቤቱ አልተከፈተም» አሉኝ። አንዱን ከፍተው መቅመስ ይችሉ ነበር፤ አልፈለጉም፤ ለምእመኑ የሚበቃው ስድስቱ ሲሆን ነው ይላሉ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው በመስታወቱ በኩል ጠርዙን ብቻ ያያሉ። ወይን ከጫፉ ከደረሰ በኋላ ቁልቁል እንደሚወርድ አስተምረውኛልና አብሬያቸው እፈራለሁ። ለአዴ ሌሊሴ የገቡት ቃል ኮምጣጤ እንዳይሆን ነበር ፍርሃታችን፤ ይህን ግን ሁለታችንም አልተናገርነውም። ሰባተኛው አለፈ።

በስምንተኛው ዓመት በሩ ተከፈተ። እኔም ወደ ነቀምት ተመልሼ ነበር። የዚያን እሑድ ዝማሬ ዳገቱ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ሰው የስምንት ዓመት ዝምታውን ባንድ ጠዋት ሊጨርስ የመጣ ይመስል ነበር። እኔ እዚያ አልቆርብምና ግቢያቸው ውስጥ ሆኜ ጠበቅኋቸው። ከቀትር በኋላ በዘርፋም ጨርቅ የተሸፈነች ጠርሙስ ይዘው መጡ፤ ከሥሯ ሦስት ጣት ያህል ቀርቷታል። ሱሪያቸው እንደ ቢላ ስለት ቆሟል። ቀዱልኝ።

አሸተትኩት። እንጆሪው መጣ። ትንሽ ጠበቅኩ፤ አፈሩ መጣ፤ አዲሱ ጫማ መጣ፤ ትንባሆውም፣ ጌታ ይቅር ይበላቸውና፣ መጣ። ተቀመጥኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልነበረ ነገር፣ አንድ ሰው በአንዲት ጉንጭ አይቶ ለምትሞት ሚስቱ የነገራት ነገር፣ አሁን እጄ ላይ ነው። ቀመስኩት፤ ጋቢው ምላሴ ላይ አረፈ። ቆጠርኩ፤ አርባ ስደርስ አሁንም ነበረ።

«ኦቦ» አልኳቸው፤ «አንድም አልቀረም። ለአዴ ሌሊሴ እንደነገሯቸው ነው።»

ኦቦ ዲንሳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ነበር።

«አይ፣ ባርሲሳ» አሉ። «አሳንሼ ነው የነገርኳት።»